ተካፋይ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ ጉድጓድ ብቻ፣ ደረጃው ልብ አውልቅ፣
መስኮቴን ስከፍተው የጤፍ ማሳ ሽታ፣
ስዘጋው የጅብ ድምፅ በግድግዳው ፈንታ።
ጥግ ላይ ተቀምጧል አንድ አሮጌ ማሽን፣
ጎኑን ከፍቼለት፣ ደቅኜበት ፋን፣
እያቃሰተልኝ፣ ሙቀት እየተፋ፣
ከምሽት እስከ ንጋት ቁጥር የሚነፋ።

መቶ ሰማንያ ሦስት አሃዝ ነው ሲቆጠር፤
ደብተሬ ላይ ብጽፈው ፈጀ አራት መስመር፤
ስም የለው ልጠራው፣ ከቢሊዮን ወዲያ
ምላሴ አይሄድልኝም።
ለብቻ አይሰበርም፤ ተከፋፍለነዋል፦
አንዱ በረዶ አገር ጡረታ ወጥቷል፣
አንዷ ወደብ ላይ ናት፣ መርከብ ስትጠብቅ፣
አንዱ ጅማ ይሁን ሐረር፣
እንኳን ፊቱን ስሙን አላውቅ።
የእኔ ድርሻ ከዚህ፣ የእነሱ ከዚያ ወዲያ፤
ደሞዝ የለው፣ አበል የለው፣ አያወጣም ገበያ።
አከራዬ ብቻ በየወሩ መጥታ
"ቆጣሪው አብዷል" ትለኛለች።
እውነቷን ነው፤ ቆጣሪው እኔ ነኝ።

የምንፈልገው የቁጥሩን ሁለት ወላጆች ነው፤
ሁለቱም ብቸኛ።
"ብቸኛ ቁጥር" ይላል የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ፣
ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው።
መምህርት ዝናሽ "ምሳሌ ስጡኝ" ብትል
እጄን አውጥቼ "ጋሽ አጥላባቸው" አልኩ፤
ሚስቱ የሞተችበት የትምህርት ቤቱ ደዋይ።
ክፍሉ ሳቀ።
እሷ አልሳቀችም፤ ጠመኔዋን አስቀመጠች።

በሐምሌ አንድ ሰኞ መብራት ሄደ።
አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ የነፋሁት ዱቄት
ሳላስቀምጠው ጠፋ በአንዲት ቅፅበት።
ግድግዳውን መታሁ። ዘበኛው ሰማና
ዱላና ባትሪ ይዞ ወጣ በደረጃው፣
ኦቦ ዋቅጅራ።
"ሌባ ነው?"
"ቁጥር ነው።"
ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። "አስረዳኝ።"

"ትልቁን፣ የሚቆራረጠውን፣ ተካፋይ ይሉታል፤
የሚቆርጠው አካፋይ፣ የሚደርስህ ድርሻ፣
የተረፈው ቀሪ ነው። እኛ ቀሪ አንሻ።
ሺህ ሰው ሺህ ወንፊት ይዞ አንድ ክምር ይነፋል፤
ከሚሊዮን ሦስት ፍሬ ቢገኝ፣ ቀኑ ሰምሯል።"
"ትርፉስ?"
"የለውም።"
"ደቦ ነዋ። የእኛ ግን ጠላ አለው።"

ከዚያ ዝም አለ። መስኮቱ ጋ ሄደ።
"ይኼ ብሎክ፣ ያኛው፣ ያ ውሃ ታንከሩ፣
ሽንብራ ነበረ፤ የእኔ ነው ድንበሩ።
መጡና ለኩት፣ ችካል ተከሉበት፣
ለማላውቀው ሁሉ ዕጣ ወጣበት።
አንተ እንዳልከው ነው፤
ከበላተኞቹ ጋር ተካፋይ አልነበርኩም፣
ተካፋዩ ግን እኔ ነበርኩ።"
የእግሬን ጣቶች አየሁ፣ ከሥራቸው ሴራሚክ፣
ከሴራሚኩ ሥር — አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ደብተር ያዘ፤
መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት
በእርሳስ ይጽፋል።
የባጃጅ ባትሪ ከእህቱ ልጅ ተውሶ አመጣ፤
እኔ ባንቀላፋ በሩን በዱላው እየመታ
"ተነስ፣ ቁጥርህ ሊሞት ነው!" ይለኛል።

በጥቅምት ተሰበረ። በእኔ ድርሻ አይደለም፤
የመጨረሻውን የፈታችው
መርከብ የምትጠብቀዋ ናት።
ሁለት ረጃጅም ብቸኞች ወጡ፣
ተባዝተው ያን ሁሉ ሌሊት የፈጁ።
"ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር?" አለኝ ዋቅጅራ።
መልስ አልነበረኝም።

የደከሙት ሁሉ ስም ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤
እስከ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወረድኩ።
ስመዘገብ፣ ስም ሙላ ሲለኝ፣
የራሴን አልጻፍኩም፤
"የዋቅጅራ ሽንብራ ማሳ" ብዬ ነበር።
ፊደሉን አያውቀውም፤ የላቲን ነው።
ጣቱን ይዤ መስታወቱ ላይ አኖርኩት።
"ይቺ ናት?"
"ይቺ ናት።"
ጎንበስ ብሎ አያት፤
በኮቱ እጅጌ አቧራውን ጠረገላት፣
ዙሪያዋን እንጂ እሷን ሳይነካ፣
ችካል እንዳይነቀል እንደሚጠነቀቅ ሰው።